በአምስት ኪሎ ተማሪዎች የሚሰጡት ነፃ የሕግ ድጋፍ፦ የአንድ ጡረተኛ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አስተያየት

በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ለ27 ዓመታት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእነዚያ ዓመታት ራፖር ጸሐፊ የጻፈውንም፣ ጠበቃ ያረቀቀውንም፣ ባለጉዳይ በራሱ እጅ በደብተር ወረቀት ላይ የሞነጫጨረውንም አቤቱታ ተቀብዬ ማኅተም መትቼበታለሁ። ይህን የማነሣው ከዚህ በታች ስለምሰጠው አስተያየት አንባቢ መነሻዬን እንዲያውቅ ነው። የምገመግመው፣ ከልዩ ልዩ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የተሰባሰቡ ተማሪዎች በአምስት ኪሎ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አሮጌ ቤት ፎቅ ላይ፣ በፖሊስ ለተያዙና በደል ለደረሰባቸው ሰዎች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍና በየቅዳሜው ለሌሎች ተማሪዎች የሚያዘጋጁትን ሥልጠና ነው። ጉድለቱንም ስለምናገር የማዕከሉን ስም ትቼዋለሁ፤ አካባቢው ደርሶ "የተማሪዎቹ የሕግ ክፍል የት ነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ከሱቅ ነጋዴውም ከጥበቃውም መልስ ያገኛል።

ወደዚያ የሄድኩት ወድጄ አልነበረም። በግቢዬ ካሉት ክፍሎች በአንዷ፣ ከዶርዜ የመጣ የ19 ዓመት ልጅ ከአጎቱ ጋር ተከራይቶ ይኖራል፤ ሁለቱም ሽሮ ሜዳ ሸማ ይሠራሉ። ልጁ አዲስ አበባ ከገባ ዓመት አልሞላውም፤ ጋሞኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው፣ አማርኛ ለገበያና ለሰላምታ ያህል ይናገራል። ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለደንበኛ ነጠላ ለማድረስ ወደ አራት ኪሎ እንደ ወረደ ሳይመለስ አደረ። በማግሥቱ ጠዋት አጎቱና እኔ በየጣቢያው ስንዞር በአንዱ ውስጥ አገኘነው። ከመንገደኛ እጅ ስልክ በመንጠቅ ተጠርጥሮ መያዙን፣ ምርመራው እስኪያልቅ ማንም ሊያየው እንደማይችል ነገሩን። እኔ ያን ያህል ዘመን በሕግ ቤት የኖርኩ ሰው፣ በር ላይ ቆሜ ለዘበኛው "እባክህ ልጄ" እያልኩ ስለምን ነበር። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ግን የሚያስሩኝ፣ የሚያዋርዱኝ መሰለኝና አንደበቴ ተሳሰረ። በጣቢያ በር ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ አይረዳውም።

ተማሪዎቹን የጠቆመችኝ ከጣቢያው ፊት ለፊት ቡና የምታፈላ ሴት ናት። ክፍሉ ጠባብ ነው። በላስቲክ የተሸፈነ ረጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት የማይመሳሰሉ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ በማርከር የተጻፈ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19፣ ጥግ ላይ ቁልፉ የተሰበረ የፋይል ሳጥን፤ ከዚህ ሌላ ዕቃ የለም። የተቀበለችኝ የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ ስትሆን፣ "ጋሼ ይቀመጡ" ብላ ውኃ ከሰጠችኝ በኋላ ያቀረበችልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ልጁ ምን አደረገ የሚል ሳይሆን በስንት ሰዓት ተያዘ የሚል ነበር። አላውቅም አልኳት። አጎቱ ግን ነጠላውን የተረከበችው ደንበኛ ስልክ ደውላ እንደነበረች፣ ስልኩም የደወለበትን ሰዓት እንደያዘ አስታወሰ። ከዚያ ተነሥታ ልጁ የተያዘው ምሽት 12፡30 ገደማ ሊሆን እንደሚችል ገመተች፤ በቀይ እስክሪብቶም በቅጹ አናት ላይ "ቅዳሜ ምሽት 12፡30" ብላ ጻፈችና አሰመረችበት። የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት ሊቀርብ የሚገባበት አርባ ስምንት ሰዓት የሚያልቅበት ሰዓት መሆኑ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ አቤቱታዎች የሚጀምሩት በልጁ ደግነት፣ በቤተሰቡ ችግርና በእግዚአብሔር ስም ነው፤ ዳኛው የሚፈልጋት ሰዓት የምትገኘው፣ ከተገኘችም፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። የዚህችን ልጅ ቅጽ ሳይ፣ አስተማሪዋ ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ በልቤ አመሰገንኩት።

ለማያውቀው አንባቢ ያህል፦ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለው እንዲገለጽለት፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በ48ቱ ሰዓት ውስጥ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃልም ተቀባይነት የለውም። አንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት ዕድል እንዲያገኝ ይደነግጋል። "ማንም ሊያየው አይችልም" የተባልነው እንግዲህ ከዚህ ድንጋጌ ጋር የሚቃረን ቃል ነበር፤ ተማሪዋም ይህንኑ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋ ለጣቢያው ኃላፊ የሚሰጥ ደብዳቤ አዘጋጀች። ደብዳቤው ስድብ የለበትም፤ ዛቻ የለበትም፤ አንቀጹን ጠቅሶ ይጠይቃል፣ መልሱም በጽሑፍ እንዲሆን ያመለክታል።

ተማሪዎች ጥብቅና መቆም አይችሉም፤ ይህን ራሳቸው በግልጽ ይናገራሉ። ከኋላቸው ፈቃድ ያላቸው ጠበቆች አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ማንኛውም ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሕግ አገልግሎት እንዲሰጥ ይጠይቅ ነበር፤ ይህ ልማድ በብዙ ጠበቆች ዘንድ ዛሬም አለ። ችግሩ ግን ጠበቃው ሰዓቱን ቢሰጥም ባለጉዳዩን ፈልጎ፣ አናግሮ፣ ፋይሉን አደራጅቶ የሚያቀርብለት ሰው የለውም። ተማሪዎቹ የሚሞሉት ይህን ክፍተት ነው። ጠበቃው ዓርብ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሲመጣ ጉዳዩ በአንድ ገጽ ተጽፎ ጠብቆት ስለነበር፣ በደረጃው ላይ እየወረደ አንብቦ ጨረሰው።

አሁን የዚህ አገልግሎት ትልቁ ሀብት ወደሚመስለኝ ነገር ልምጣ። ተማሪዋ ቅጹ ላይ "የሚናገረው ቋንቋ" የሚለውን ስትሞላ "ጋሞኛ" አልናት፤ ወዲያው ስልኳን አንሥታ አንድ ልጅ ጠራች። ከጨንቻ የመጣ የሁለተኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነው፤ ሕግ ተምሮ አያውቅም። ዶርም ውስጥ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የመጡ ልጆች ተቀላቅለው ስለሚያድሩ፣ ተማሪዎቹ ማን ምን ቋንቋ እንደሚናገር የሚዘረዝር ደብተር አላቸው። አየሁት፤ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አፋርኛ፣ ጉራግኛ እያለ ይቀጥላል፣ በእያንዳንዱ አንጻር ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፏል። በዚህ ከተማ ውስጥ ባለ የትኛውም የጥብቅና ቢሮ እንዲህ ያለ ደብተር አላየሁም። በመዝገብ ቤት በነበርኩበት ጊዜ አስተርጓሚ ባለመገኘቱ ስንት ቀጠሮ እንደተቀየረ ስለማውቅ፣ ደብተሩን ሳገላብጥ እጄ ቀስ አለ።

ጣቢያ ስንደርስ ያገኘነው ተረኛ መርማሪ ጨዋ ሰው ነበር፤ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ደውሎ ጠየቀ፣ ከዚያም ጠበቃውንና የጨንቻውን ተማሪ አስገባቸው። እኔ በመስኮት በኩል አየኋቸው። ልጁ ሲሚንቶ ወለል ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ነበር፤ ተማሪው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ በአገሩ ቋንቋ ሰላም ሲለው፣ ከሐሙስ ምሽት ጀምሮ አንድ ቃል ያልወጣው ልጅ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ። ቀስ በቀስ የተናገረው እንዲህ ነው። ሁለት ፖሊሶች አስቁመው ጠየቁት፤ አማርኛው ሲሰባበርበት የሚዋሽ መሰላቸው። ሸማኔ ነኝ ሲል አንደኛው "ቁጢት በጣሽ" ብሎ ሰደበው፤ ለመራመድ ሲሞክር በዱላ ትከሻውንና ክንዱን መታው። ሌሊት አንድ ወረቀት ቀረበለትና አሻራውን አኖረበት፤ ወረቀቱ በአማርኛ የተጻፈ ነበር፣ ያነበበለት የለም።

ያ ስድብ ብዙ ዘመን የኖረ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያሉ ባለሙያን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ የምለብሰውን ነጠላ የሠራው ልጅ ግን በዚያው ቃል ተሰድቦ ተመታ።

ሰዓቱን ለማረጋገጥ የተደረገው ጥረት እንዴት እንደነበረ ላሳይ። ልጁ ሰዓት የለውም፤ ስልኩም ተወስዷል። ተማሪው "ሲይዙህ ምን ትሰማ ነበር?" ብሎ ጠየቀው። ልጁ አሰበና "አዛን" አለ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚደረገው የመግሪብ ጸሎት ጥሪ ከመስጊዱ እየተሰማ ነበር። ያ ቃል ከደንበኛዋ የስልክ ጥሪ ጋር ሲገጣጠም፣ በግምት ተጽፎ የነበረው 12፡30 ማስረጃ ያለው ሰዓት ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ልጁ የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ቀረበ። ዳኛው የጨንቻውን ተማሪ አስምለው አስተርጓሚ አደረጉት፤ የልጁን ቃል ሰምተው በ3,000 ብር ዋስ እንዲለቀቅና ሕክምና እንዲያገኝ አዘዙ። ተማሪዎቹ አልተለያዩትም። በዚያው ቀን ወደ ቢሯቸው ወስደው፣ የክንዱን ሰንበር በትምህርት ቤት ማስመሪያ ለክተው፣ ማስመሪያውን ከቁስሉ ጎን አድርገው ፎቶ አነሡት፤ ቀለሙን "ወይን ጠጅ፣ ዳሩ ቢጫ" ብለው ጻፉት፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ አብረውት ሄደው የሕክምና ማስረጃ አወጡ። ሰንበር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል፤ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ የሚመጣ ተበዳይ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። ስልኩ የተነጠቀው ሰው ቀርቦ "ይህ ልጅ አይደለም" ብሎ ስለመሰከረ የስርቆቱ ጉዳይ በኋላ ተዘግቷል። የመደብደቡ ጉዳይ ግን አልተዘጋም፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ይህን ካየሁ በኋላ የቅዳሜውን ሥልጠና ለመከታተል ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ከኋላ ወንበር ተሰጠኝ። ሥልጠናው ሦስት ቅዳሜ ይፈጃል፣ ክፍያ የለውም፣ የማንኛውም ትምህርት ክፍል ተማሪ መግባት ይችላል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ደካማ ነው። አንቀጽ በአንቀጽ ላይ ይደረደራል፣ ሠልጣኙ ይጽፋል፣ ግማሹ ያዛጋል። ሁለተኛው ግን ዋጋ ያለው ነው።

በዚያ ቀን አሠልጣኟ ስለ ጆርጅ ፍሎይድ አነሣች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2020 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ዴሬክ ሾቪን የተባለ ነጭ ፖሊስ ጥቁሩን ሰው ከ9 ደቂቃ በላይ በጉልበቱ አንገቱ ላይ ተጭኖት ሰውየው ሞተ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎቻችን የማናውቀው፣ የከተማው ፖሊስ መጀመሪያ ያወጣው መግለጫ ሰውየው ከፖሊስ ጋር በነበረ ግንኙነት ወቅት የጤና ችግር ገጥሞት እንደሞተ ብቻ የሚገልጽ እንደነበር ነው፤ ስለ ጉልበቱ አንድ ቃል አልነበረበትም። ያንን ወረቀት የሻረው ዳርኔላ ፍሬዘር የተባለች የ17 ዓመት ልጅ መንገድ ዳር ቆማ በስልኳ የቀረጸችው ምስል ነው። ሾቪን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2021 በግድያ ጥፋተኛ ተብሎ በኋላ 22 ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። እኔ በመዝገብ ቤት እንደተማርኩት፣ መጀመሪያ የገባ ወረቀት መዝገቡን ይመራል፤ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከእርሱ ጋር እየተጣላ ነው የሚኖረው። ስለዚህ አንዲት ልጅ ቆማ ማየቷና ያየችውን መያዟ ምን ማለት እንደሆነ ከክፍሉ ሰው ሁሉ ይልቅ እኔን የገባኝ መሰለኝ።

አሠልጣኟ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደች። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1960 በሰሜን ካሮላይና ግሪንስቦሮ ከተማ አራት ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተፈቀደ የምግብ መደብ ተቀምጠው አንነሣም አሉ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ፣ በደቡብ ግዛቶች ያሉ ወጣት ሠራተኞቹ በየቀኑ በስልክ የሚያስታውቁትን እስር፣ ድብደባና ቃጠሎ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው በሚጽፉ ልጆች አማካይነት ቀን በቀን ይመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1964 በሚሲሲፒ ሦስት ወጣት የመብት ታጋዮች፣ ጄምስ ቼኒ፣ አንድሩ ጉድማንና ማይክል ሽወርነር፣ በተቀጠረላቸው ሰዓት ስላልደወሉ ወዲያውኑ ፍለጋ ተጀመረ፤ የአካባቢው ምክትል ሸሪፍ አስሮ ከለቀቃቸው በኋላ ለነፍሰ ገዳዮች እንደተሰጡ የኋላ ኋላ ተረጋገጠ። ከሦስቱ አንዱ ጉድማን የ20 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበር። ሰልፉን ፎቶ አሳይቶናል፤ ስልክ አንሥቶ ሰዓት የሚጽፈውን ልጅ ግን ማንም አያስታውሰውም፤ አሠልጣኟ ስለዚያ ልጅ በመናገሯ ደስ አለኝ።

ከእኛ ወገን የሆነውንም አልተዉትም። ለትምህርት አሜሪካ ሄዶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 በኦሪገን ፖርትላንድ በዘረኞች የተደበደበውና የሞተው ሙሉጌታ ሥራው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በእስራኤል ሃይፋ አቅራቢያ ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት የሞተው ቤተ እስራኤላዊው ወጣት ሰሎሞን ተካ ሲነሡ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከተቀመጡት ውስጥ ወንድም ወይም እህት በባሕር ማዶ የሌለው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሠልጣኝ እጁን አውጥቶ "የእነርሱ ጉዳይ የቆዳ ቀለም ነው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለ። ክርክሩ ከሰዓት በላይ ፈጀ፤ የሥልጠናው ምርጥ ሰዓትም እርሱ ነበር። እኔ በአንድ ነገር ልጁን እደግፈዋለሁ፤ በባርነትና በሕግ በተደነገገ መለያየት ላይ የቆመው የአሜሪካ ታሪክ የራሱ ነው፣ ከእኛ ጋር አንድ አድርጎ መናገር ሁለቱንም ያደበዝዛል። ነገር ግን በአነጋገሩ፣ በመጣበት አገር ወይም በእጅ ሥራው የተነሣ ቃሉ የማይታመን ሰው በእኛም ከተማ እንዳለ በግቢዬ ያለው ልጅ ምስክር ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ተማሪዎቹ ሠልጣኞችን ወደ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ወስደው፣ ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. የፈጸሙትን ጭፍጨፋና ከተማዋን በዘር ለመከፋፈል ያወጡትን ዕቅድ አስረዷቸው። መርካቶ ራሱ ኢጣልያኖች አገሬውን ከአራዳ ገበያ ለይተው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩ "የአገሬው ገበያ" ብለው የተከሉት መሆኑን ስንት ነጋዴ ያውቃል?

የተግባር ትምህርቱ የሚሰጠው ከሐውልቱ መልስ ነው። በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የፖሊስ መኮንን ተጋብዘው፣ ጣቢያ የዕለቱን ሁኔታ እንዴት እንደሚመዘግብ፣ የተያዘ ሰው ስምና ሰዓት የት እንደሚጻፍ፣ ለማን ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ በትዕግሥት አሳዩ። እኚህን ሰው መጋበዛቸው ትልቅ አስተዋይነት ነው፤ ጨዋ ፖሊስ ለሕጉ ሲቆም የሚያግዘው ወረቀት ይፈልጋል፣ እኛም ዓርብ ዕለት ያየነው ይህንኑ ነው። ተማሪዎቹ ለሠልጣኞች የሚሰጡት ምክርም የተመዘነ ነው። ድብደባ ስታዩ አትጩኹ፣ አትንኩ፣ በመካከል አትግቡ፤ በሚታይ ቦታ ቁሙ፤ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ሰሌዳና የቦታውን ምልክት ያዙ፤ ስልክ በፖሊስ ፊት መደገን አደጋ ካለው ዞር ካላችሁ በኋላ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ የተያዘውን ሰው ስምና የሚደወልለትን ቁጥር ጠይቁ። በ1962 ዓ.ም. በታኅሣሥ በዚሁ በስድስት ኪሎ ግቢ ወታደሮች በተማሪዎች ላይ መተኮሳቸውን ለሚያስታውስ ትውልድ፣ ልጆቹ በሕይወት ሊመለሱ በሚችሉበት መንገድ እንዲያገለግሉ መመከራቸው ትንሽ ነገር አይደለም።

ጉድለቱ ብዙ ነው፤ መደበቅም አይጠቅማቸውም። በፈተና ሳምንታት ክፍሉ ይዘጋል፤ በክረምት ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ተማሪ ብቻ ነው የሚገኘው። ሰው ግን በፈተና ሳምንትም ይታሰራል፣ በነሐሴም ይደበደባል። ባለጉዳይ የሚያነጋግሩበት ቦታ መጋረጃ እንኳ ስለሌለው፣ እኔ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ሴት ስለ ባሏ የምትናገረውን ሁሉ ሳልፈልግ ሰማሁ። ስለ መብት የሚያስረዳው በራሪ ወረቀት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ብቻ ታትሟል፤ ያን የመሰለ የቋንቋ ደብተር ይዘው ይህን መተዋቸው አይገባኝም። አንድ ጊዜም አንድ ተማሪ የልጁን የቆሰለ ክንድ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ሊለጥፍ ሲል ሌላዋ አስቆመችው፤ ልጁ አልተጠየቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ የፈቃድ ወረቀት አዘጋጅተዋል፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው ሊኖር ይገባ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የፋይል አያያዛቸው ነው። የእኛን ጉዳይ የያዘችው ተማሪ ሐምሌ ላይ ተመርቃ ስትሄድ ፋይሉ ለማን እንደተላለፈ የሚያውቅ ጠፋ፤ ለሦስት ሳምንት ፈልገነው በተሰበረው ሳጥን ሥር ተገኘ። ተማሪ ይመረቃል፤ ጉዳይ አይመረቅም። ይህንን በቁጣ ነገርኳቸው፤ እነርሱም አልተቆጡኝም። አሁን በየረቡዕ ከሰዓት እየሄድኩ የገቢና ወጪ መዝገብ አከፋፈት፣ ቁጥር አሰጣጥና የርክክብ ፊርማ አሳያቸዋለሁ፤ ሳጥኑም ቁልፍ ተገዝቶለታል።

ሕግ የማይማሩ ተማሪዎች ምን ይሠራሉ ለሚለው፣ የምሕንድስና ተማሪ ሲያስተረጉም አይቻለሁ። የጎደላቸው የሕክምና ተማሪ ነው፤ ሰንበር በማስመሪያ መለካት ጥሩ ነው፣ ምን ዓይነት ምት እንዳደረሰው የሚጠይቅ ሰው ግን ያስፈልጋቸዋል። ሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ሥራ የሚማሩትም እንዲመጡ እመኛለሁ፤ ልጁ እስካሁን ሌሊት ሌሊት እየባነነ ይነሣል፣ ለዚህ ቅጽ የላቸውም።

አገልግሎቱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት ከ8 እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው። የሚሄድ ሰው መታወቂያ ባይኖረው አይመልሱትም፤ የተያዘውን ሰው ሙሉ ስም፣ የሚናገረውን ቋንቋ፣ የተያዘበትን ሰዓትና ቦታ፣ ያየ ሰው ካለም ስልክ ቁጥሩን ቢይዝ ግን ሥራውን በግማሽ ያቀልላቸዋል። ማንም ተማሪ ገንዘብ ሲጠይቅ አላየሁም፤ እኔ ያመጣሁትን ዳቦ እንኳ ከባለጉዳዮች ጋር ተካፍለው ነው የበሉት።

የድብደባው አቤቱታ በጽሑፍ ለፖሊስ የበላይ አካልና ለዐቃቤ ሕግ ገብቷል፤ ግልባጩም በአዋጅ ቁጥር 210/1992 ለተቋቋመው የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ተልኳል። በእጁ ያለን ሰው የሚያንገላታ የመንግሥት ሠራተኛ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 እንደሚጠየቅ በአቤቱታው ተጠቅሷል፤ የሰንበሩ ልክ፣ የሕክምናው ማስረጃና የአዛኑ ሰዓትም አብረው ተያይዘዋል። እስካሁን ያገኘነው መልስ ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው የሚል ነው። ልጁን በቃሉ ለመስማት ለሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተቀጥሯል፤ የጨንቻው ተማሪ በዚያ ሰዓት ፈተና ስላለበት ተማሪዎቹ የቋንቋ ደብተሩን ገልጠው ከአርባ ምንጭ የመጣች ሌላ ጋሞኛ ተናጋሪ አግኝተዋል፤ ስሟንም በርክክብ መዝገቡ ላይ አስፈርመዋል።